ዘግይቶ ታኬታ ላሰረ የሐይቅና የአምባሰል ልጅ

ልጄ፣

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶህ፣ ከሰፈር ሜዳ በቀር የክለብ ደጃፍ ሳትረግጥ፣ «ኳስን እንጀራዬ ላደርጋት እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በችኮላ ልመልስልህ አልፈለግሁም። ረጅም ዘመን የስፖርት መምህር ሆኜ ስላገለገልሁ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ይህንኑ የሚጠይቁ እኩዮችህ ብዙዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ላንተ ቢሆንም ለነሱም ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የዘገየኸው በስንፍናህ አይደለም። አሁን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ያለ የተሁለደሬና የአምባሰል ልጅ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ገና ልጅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ውጫሌን አልፎ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ በጉርምስናው መካከል ነበር። የተጫዋች እግር የሚቀረጸው በነዚያ ዓመታት ነው፤ የናንተ ግን በመሸሽ፣ በመመለስና የፈረሰውን በማቅናት አለፉ። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። በአገር ደረጃ የማለፊያ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንዱ በር ሲዘጋበት ልጅ ሌላ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ የሳዑዲን መንገድ ያስባል፣ አንዳንዱ ኳስን። ኳስን በማሰብህ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ግን እውነቱን እንድሸፍንብህ አያደርገኝም።

1. የዘገየኸው በምን እንደሆነ ለይተህ እወቅ

ዘግይተው ከፍ ያሉ ተጫዋቾች ታሪክ በየስልኩ ይዞራል። ጄሚ ቫርዲን በ16 ዓመቱ የልጅነት ክለቡ አሰናበተው። ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ በእንግሊዝ ታችኞቹ ሊጎች ተጫወተ፤ ሌስተር ሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያስፈርመው 25 ዓመቱ ነበር፤ በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ሚሮስላቭ ክሎዘ አናጢነት እየተማረ እስከ 20 ዓመቱ ድረስ በጀርመን ሰባተኛ እርከን ላይ በአንድ የመንደር ቡድን ይጫወት ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዋንጫ ታሪክ 16 ጎል በማግባት ስሙ ተመዝግቧል። ኢያን ራይት በ1985 እ.ኤ.አ. ለክሪስታል ፓላስ ሲፈርም ወደ 22 ዓመቱ ተጠግቶ ነበር፤ በኋላ ለአርሰናል 185 ጎል አገባ።

እነዚህ ታሪኮች እውነት ናቸው። ግን ልብ ብለህ አንብባቸው። ሦስቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ከኳስ ጋር ያደጉ ናቸው። ቫርዲ ከትልቅ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ነው የተባረረው፤ የክሎዘ አባት ራሱ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበር። ሳይታዩ ቆዩ እንጂ ሳይጀምሩ አልቆዩም። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው፤ አንተም መጀመሪያ ከየትኛው ወገን እንደሆንህ ራስህን ጠይቅ።

ከሰባት ስምንት ዓመትህ ጀምሮ የጨርቅ ኳስ ስታሳድድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተርህን ጎል አድርገህ ስትጫወት፣ ከታላላቆችህ ጋር ስትጋፋ ያደግህ ከሆንህ፣ ያጣኸው የአሰልጣኝ ዓይን ነው። አብሽር፤ እሱ ይገኛል። ኳስን የያዝኸው ግን በ17 ዓመትህ፣ ፈተናው ካለፈህ በኋላ ከሆነ፣ ሥራህ እጅግ ከባድ ነው። ወደ አገራችን ፕሪሚየር ሊግ የሚወስደው በር በጣም ጠባብ እንደሆነ ከወዲሁ ዕወቅ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር የምንታለለው በሩጫ ታሪካችን ምክንያት ይመስለኛል። አበበ ቢቂላ በሮም ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር፤ ማሞ ወልዴ የሜክሲኮውን ማራቶን በ36 ዓመቱ ነው የወሰደው። ከዚህ ተነሥተን ጉልበትና ልብ ካለ ሁሉ ነገር በጊዜው ይደረሳል እንላለን። ልብና ሳንባ በሃያ ዓመትም ይሠራሉ፤ ከአምባሰል ተራራ ሥር ያደገ ልጅ ደግሞ ግማሹን ይዞት ተወልዷል። እግር ግን ኳስን የሚለምደው በልጅነት፣ ሳያስብ፣ በሺህ ጊዜ ንክኪ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር 21 ዓመቱ ነበር። ላንተ ሁለት ዓመት ብቻ በቀረህ ዕድሜ እሱ ጨርሶ ደርሶ ነበር። ይህን የምነግርህ ልብህን ለመስበር አይደለም፤ የምትወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

2. ዕድሜህን አትቀንስ

ይህን ምክር ከሁለተኛው ቦታ ያስቀመጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሰው «16 ነኝ በል፣ መታወቂያውን እኔ አስተካክላለሁ» ይልሃል። ቸር አሳቢ መስሎ ነው የሚመጣው። እሺ ካልኸው ሕይወትህን በሙሉ በሐሰት ወረቀት ላይ ትሠራለህ።

ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆነው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአንጓው አጥንት የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 ዓመት በታች የመሆኑ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ወረቀት ይቀየራል፣ አጥንት አይቀየርም። ከዚያም በላይ፣ ዕድሜውን የቀነሰ ተጫዋች የእውነተኛ ታዳጊ ቦታ ይቀማል። ያ ታዳጊ ምናልባት የጎረቤትህ ልጅ ነው። 19 ዓመት ከሆነህ 19 ነኝ በል፤ ከ20 ዓመት በታች በሚጫወተው የተስፋ ቡድን ጊዜህ ሊያልቅ እንደተቃረበ ተቀብለህ ለዋናው ቡድን ተዘጋጅ። ክለብ በእውነት የሚፈልገው ሰው ከሆንህ 21 ዓመት መሙላትህ አያስደነግጠውም።

3. አብዶውን ተውና የመጀመሪያ ንክኪህን አስተካክል

ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚለማመደው ጓደኞቹ የሚያጨበጭቡለትን ነው። አብዶ ይሠራል፣ ኳስ በጭንቅላቱ ያንቀረቅባል፣ ከሩቅ ይመታል። ለሙከራ የሚያይህ አሰልጣኝ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የሚያየው ሌላ ነው። ኳስ ስትመጣልህ ትሞትልሃለች ወይስ ከእግርህ ትሸሻለች? ከመድረሷ በፊት ዘወር ብለህ አካባቢህን አይተሃል? በግራ እግርህ ማቀበል ትችላለህ?

እነዚህን ሦስቱን ለመማር ትልቅ ሜዳ አያስፈልግህም። ግድግዳ ያለው ጎረቤት ካለህ አስፈቅድና ኳሷን ከግድግዳው ጋር ተቀባበል፤ በቀኝ፣ በግራ፣ በአየር ላይ፣ በመሬት ላይ፣ አንዳንዴ ቆመህ፣ አንዳንዴ እየዞርህ። ደካማውን እግርህን ከጠንካራው ይልቅ አብዝተህ አሠራው። ኳሷ ወደ አንተ ስትመለስ አንገትህን መልሰህ ከኋላህ ያለውን እይ። ጓደኛህ ከኋላህ ቆሞ በጣቱ ቁጥር ያሳይህ፤ ኳሷ እግርህ ከመድረሷ በፊት ቁጥሩን ጥራ። በመጀመሪያው ሳምንት ይሰለችሃል፤ ከወራት በኋላ ግን ራስህ ታየዋለህ።

የአምባሰል መሬት ገደልና ዳገት የሚበዛበት ነው፤ ሙሉ ሜዳ የለም ብላችሁ አትማረሩ። አዝመራ የተነሣበት ማሳ ላይ አራት ለአራት መጫወት ከ11 ለ11 የበለጠ ያስተምርሃል። ሰው ሲያንስ ኳስ ቶሎ ቶሎ ትደርስሃለች፣ ቦታ ሲጠብ ቶሎ ማሰብ ትማራለህ። ያጣኸውን ንክኪ በከፊልም ቢሆን የምትመልሰው በዚህ መንገድ ነው። በትልቅ ሜዳ ላይ በሃያ ሁለት ሰው መካከል ስትሮጥ ከዋልህ ግን ላብ እንጂ ንክኪ አታገኝም።

ደግሞ ይህን አስብ። በ90 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ኳስ አንድ ተጫዋች እግር ሥር የምትቆየው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። በቀረው ጊዜ ሁሉ ተጫዋቹ ያለ ኳስ ይጫወታል። ቦታ ይይዛል፣ ክፍተት ይዘጋል፣ ጓደኛውን ይጣራል። ይህኛው ክፍል በአሥራ ዘጠኝ ዓመትም የሚማሩት ነው፤ ብዙዎቹ ጎበዝ የሰፈር ተጫዋቾች ግን ጨርሶ አያውቁትም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተህ ጨዋታ ስታይ ኳሷን አትከተል። አንተ በምትጫወትበት ቦታ ያለውን አንድ ሰው ምረጥና ዘጠናውን ደቂቃ እሱን ብቻ እይ። ኳሷ በሌላ በኩል ስትሆን የት ይቆማል? ቡድኑ ሲጠቃ በየት ይመለሳል? የእንግሊዙን ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ፕሪሚየር ሊግም እይ፤ በ2013 ዓ.ም. በቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል፤ ልትገባበት የምትፈልገው ሊግ እሱ ነውና።

4. ሁሉ የሚሻማበትን ቦታ ለቅቀህ ሰው የሚያንስበትን ያዝ

የሰፈር ልጅ ሁሉ አሥር ቁጥር መሆን ይፈልጋል። ያ ቦታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የልጅነት ንክኪ የሚጠይቅ ነው፤ ለዘገየ ሰው አይመቸውም። ፍጥነትና የማይደክም ሳንባ ካለህ የመስመር ተከላካይ ሁን፤ ወደፊትም ወደኋላም የሚመላለስ ተጫዋች ሁልጊዜ ይፈለጋል። ቁመትና ድፍረት ካለህ፣ በቴስታ የማትፈራ ከሆንህ፣ መሐል ተከላካይ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ረጅም ልጅ ሳይ መጀመሪያ የማስበው በረኛነትን ነው። የአገራችን ክለቦች ለረጅም ጊዜ በረኛ ከውጭ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ጠብቋል። በረኛ ዘግይቶ ይበስላል፣ ዘግይቶም ያረጃል። በየሰፈሩ ግን «ኳስ የማይችለው በረኛ ይሁን» እያልን ቦታውን አዋርደነዋል። በጎል ቋሚዎች መካከል ለመቆም የምትደፍር ከሆንህ ከብዙ እኩዮችህ ቀድመህ ክለብ ልታገኝ ትችላለህ።

5. መምህር ፈልገህ ከእግሩ ሥር ተቀመጥ

ሐይቅ የመምህር አገር ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው ተምረውባቸዋል፤ ሲመጡ ልጅ አልነበሩም። የወሎ ደረሳም ኪታቡን ይዞ፣ ከሼህ ወደ ሼህ እየሄደ፣ ባዕድ አገር እያደረ ነው አዋቂ የሚሆነው። የኳስ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ብቻውን ሮጦ ብቻውን መትቶ አይበስልም።

ሐይቅ ውስጥ ወይም ውጫሌ ታዳጊዎችን በፕሮጀክት የሚያሰለጥን ሰው ፈልግ። ለፕሮጀክቱ ዕድሜህ አልፏል፤ ስለዚህ ተጫዋች ሆነህ ሳይሆን ረዳት ሆነህ ግባ። «ጋሼ፣ ኮኑን ልዘርጋ፣ ኳሶቹን ልሸከም፣ ከልጆቹ ጋር ልሥራ» በለው። የ13 ዓመት ልጅ የሚሠራውን መልመጃ አብረህ ስትሠራ አትፈር። ያን ዕድሜ ጦርነትና ኮሮና ወስደውብሃል፤ አሁን ተመልሰህ የምትወስደው የራስህን ነው። አሰልጣኙ ትጋትህን ሲያይ ስልክ የሚደውልልህ እሱ ነው፤ በአገራችን ኳስ ውስጥ አሁንም ብዙው ሙከራ የሚገኘው በአሰልጣኝ ምስክርነት ነው።

6. ደረጃውን እወቅ፣ አንድም አትዝለል

ብዙ ልጆች ከሰፈር ሜዳ ተነሥተው በቀጥታ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ቡናን ያልማሉ። በመካከሉ ያለው መሰላል ይህ ነው፦ የቀበሌና የትምህርት ቤት ቡድን፣ የወረዳ ምርጥ፣ የዞን ውድድር፣ የክልል ክለቦች ሻምፒዮና፣ አንደኛ ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ሊግ። አንተ ዛሬ መፈለግ ያለብህ ሁለተኛውን ነው። የተሁለደሬ ወይም የአምባሰል ወረዳ ቡድን ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ ካልሆንህ ደሴ ሄደህ ሙከራ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ሩቅ ግን አይደለም። ደሴ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴና ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ አይተናል። በሰሜን በኩል ወልድያ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ከ25,000 ሰው በላይ የሚይዘው ስታዲየምም እዚያው ነው። ወሎ ውስጥ ሜዳም ቡድንም እንዳለ ይህ ይበቃሃል። የጸጥታው ነገር መንገድ በዘጋና ውድድር ባቋረጠ ጊዜ ደግሞ ልምምድህን አታቋርጥ፤ ውድድሩ ሲመለስ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ሰው ነውና።

ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡት በብዛት በክረምት ነው። ስለዚህ ለሙከራ ሰውነትህ መድረስ ያለበት እስከ ሰኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተኝተህ መስከረም ላይ ሩጫ ብትጀምር ቡድኑ ተሞልቶ ታገኘዋለህ።

ስለ ገንዘቡም ልንገርህ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦች የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ከዚህ የምትረዳው በላይኛው ሊግ የሚከፈለው ገንዘብ ጣሪያ እስኪያስፈልገው ድረስ አድጎ እንደነበረ ነው። ታች ግን ሌላ ዓለም ነው። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ቡድን ሲወርድ ውል ይፈርሳል። ስትፈርም ውሉን አንብብ፣ ቅጂውን ውሰድ፣ ደመወዙ፣ የውሉ ዘመንና የሕክምናው ወጪ በጽሑፍ መኖሩን እይ። በቃል የተሰጠህን ተስፋ ለወላጆችህ እንደ ገንዘብ አትንገራቸው።

7. ከኳስ ደላላ ተጠንቀቅ

የወሎ ሰው ደላላን ያውቃል። ልጆቻችንን በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ የሚነዳውን ሰው ቋንቋ ሁላችንም ሰምተናል፤ «ትንሽ ገንዘብ ብቻ፣ ቀሪው በኔ ይሁን» ይላል። የኳሱ ደላላም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ዱባይ ሙከራ አለ፣ ቱርክ ክለብ አለ፣ ለቪዛና ለምዝገባ ይህን ያህል አስገባ ይልሃል። ክለብ የሚፈልገውን ተጫዋች ገንዘብ አምጣ አይለውም፤ ይከፍለዋል እንጂ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊፋ ፈቃድ የሌለው ሰው በተጫዋቾች የውጭ ዝውውር ወኪል ሆኖ መሥራት አይፈቀድለትም። ፈቃድህን አሳየኝ በለው፤ ካላሳየህ ከሱ ጋር ያለህ ነገር እዚያው ያብቃ። አባትህ በሬ ሸጦ እንዲከፍልልህ አታድርግ።

8. ሰውነትህን ጠብቅ

እንቅልፍ። ከእንቅልፍ የሚበልጥ ማጠንከሪያ የለም፣ ነፃም ነው። ስለዚህም ነው ስለ ጫት የምነግርህ። በአገራችን ጫት ከዱአ ጋር፣ ከሽማግሌ ጋር የቆየ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። የወጣቱ የየቀኑ በርጫ ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላን ሙሉ ይወስዳል። ልምምድ የሚሠራው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ክለብ የደረሰ ልጅ አላየሁም።

ምግብህ ከቤትህ አይርቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሲገኝ እንቁላል፤ ሐይቅ ያለ ሰው ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ በደጁ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዱቄት መግዛት አያስፈልግህም።

ከልምምድ በፊት ሰውነትህን አሙቅ። ፊፋ 11+ የሚባል 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት፣ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ማሟሟቂያ አለ፤ ጉዳትን በጉልህ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፣ ከኳስና ከጥቂት ኮኖች በቀር ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ጉልበትህ ተጠምዝዞ «ጧ» ካለና ካበጠ ግን ማንም ወጌሻ እንዲጎትተው አትፍቀድ። የጉልበት ጅማት የተበጠሰ እንደሆነ በመጎተት አይድንም፤ ይባስ ይበላሻል። ደሴ ሄደህ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ የሮጠ ሰው ዝቅ ባለ አገር አየሩ ይቀለዋል፣ ሙቀቱ ግን ይከብደዋል። ፕሪሚየር ሊጉ ከተካሄደባቸው ከተሞች አንዷ ቆላማዋ ድሬዳዋ ናት። ቆላ ለሙከራ ከተጠራህ ጥቂት ቀን ቀድመህ ሂድ፣ ውኃ አብዝተህ ጠጣ።

9. ሴት ልጅ ከሆንሽ

ልጄ፣ ይህን የምታነቢው ሴት ከሆንሽ፣ ላይ ለወንድምሽ የነገርሁት ሁሉ አንቺንም ይመለከታል፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። ሴቶች ልጆቻችንን በሰባት ዓመታቸው ሜዳ ስለማንልካቸው አብዛኞቹ የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። ስለዚህ በ16 ወይም በ17 ዓመትሽ ብትጀምሪ ከወንድምሽ ይልቅ ከተፎካካሪዎችሽ የምትርቂው ጥቂት ነው። ሎዛ አበራ ከከምባታ ተነሥታ ማልታ ለቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆናለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተሳትፏል። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ አለ፣ ከሥሩም ሊግ አለ። ከባዱ ነገር ቤት ነው፤ ውኃ ቀድተሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ፣ ከዚያ ልምምድ። ወላጆች ይህን ካነበባችሁ፣ በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ ለልጃችሁ ልቀቁላት። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።

10. ጊዜ ወስን፣ ከኳስ ግን አትራቅ

ለራስህ ሁለት የውድድር ዘመን ስጥ። በነዚህ ሁለት ዓመታት ከላይ ያልሁህን ሁሉ በሙሉ ልብ ሥራ፤ ጎን ለጎን ግን ቴክኒክና ሙያ ተመዝገብ፣ ወይም ፈተናህን ደግመህ ውሰድ። አቡበከር ናስር እንኳ ደቡብ አፍሪካ ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከፈረመ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አርቆታል። የሁሉም ተጫዋች እግር ሥጋና ጅማት ነው። 21 ዓመት ሞልቶህ የአንደኛ ሊግ ቡድን እንኳ ካልፈለገህ ለወረዳህ ተጫወት፣ ግን እንጀራህን ከሌላ ፈልግ። ይህን ሽንፈት ነው የሚልህን አትስማ።

ሌላው እንጀራ ደግሞ ከሜዳ ውጭ ላይሆን ይችላል። የዳኝነትን መንገድ እስከ ዛሬ አስበኸው አታውቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ለብዙዎቻችሁ ከሁሉ የተሻለው እሱ ይመስለኛል። ባምላክ ተሰማ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ጥቂት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ነበር። ሊዲያ ታፈሰ የመድኃኒት ባለሙያ ሆና በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ተሳትፋለች። ፊፋ ዓለም አቀፍ ዋና ዳኛ ለመሆን ቢያንስ 25 ዓመት መሙላት ይጠይቃል። በተጫዋችነት ዘግይተሃል፤ በዳኝነት ግን ስድስት ዓመት ቀድመህ ደርሰሃል። አሰልጣኝነትም እንዲሁ ነው፤ ከካፍ ዲ ላይሰንስ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ትምህርት አለው፤ ታዳጊዎችን እየረዳህ የቆየህ ከሆንህ ግማሹን ተምረኸዋል። ሐይቅና ውጫሌ ዛሬ የጎደላቸው ተጫዋች ብቻ አይደለም፤ የ10 ዓመት ልጆችን ሰብስቦ በትክክል የሚያስጀምር ሰው ነው። ያ ሰው ቢኖር ኖሮ አንተ ይህን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።

አሁን የትምህርት ማስረጃህን፣ እውነተኛ ዕድሜህ ያለበትን መታወቂያና ታኬታህን ይዘህ ወደ ወረዳህ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂድ። የወረዳው ቡድን ልምምድ የሚሠራበትን ቀንና ሰዓት ጠይቅ፤ በዚያው የዳኝነት ሥልጠና መቼ እንደሚሰጥ ጠይቅና ስምህን አስመዝግብ። ታኬታው ሳልባጅ ቢሆንም ግድ የለም። በዚህ ሳምንት ሂድ።